ሰዓት የሌለው መስመር፦ በድሮሶፊላ የጂን መረብ ሥራ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ፣ ከፅንስ እስከ ጎልማሳ የፍራፍሬ ዝንብ (ድሮሶፊላ) ድረስ ያለውን መረጃ ደባልቆ አንድ የጂን መረብ፣ ማለትም የትኛው ጂን የትኛውን እንደሚያዝ በመስመር የሚያሳይ ሥዕል፣ ማውጣት ነው። ጀማሪ ተመራማሪዎች ሥዕሉን በጉጉት ያሳዩኛል። «ይህ መስመር በስንተኛው ሰዓት ያለ ግንኙነት ነው?» ስላቸው ዝም ይላሉ።

ኢንግሬልድ የተባለውን ጂን ተመልከቱ። ፅንሱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው የሚያስነሱት እንደ ኢቭን ስኪፕድና ፉሺ ታራዙ ያሉ ጂኖች ናቸው። እነሱ ከዚያ ቦታ ቶሎ ይጠፋሉ። ቀጥሎ ኢንግሬልድ ያላቸው ሕዋሳት ሄጅሆግ የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ይልካሉ፤ ሄጅሆግ በጎረቤት ሕዋሳት ዊንግለስ የተባለውን ሌላ መልእክተኛ ያቆያል፤ ዊንግለስም በተራው ኢንግሬልድን ይደግፋል። ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ ይህም ድጋፍ ይቀርና ኢንግሬልድ ያለ ዊንግለስ ይቀጥላል። በእጯ (ከእንቁላል በተፈለፈለችው ትል) የክንፍ ዲስክ፣ ማለትም ወደፊት ክንፍ በሚሆነው የሕዋሳት ስብስብ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ሄጅሆግ የሚያስነሳው ዲካፔንታፕሌጂክ የተባለውን ጂን ሲሆን፣ በክንፉ ጠርዝ ዊንግለስን የሚያስነሳው ኖች የተባለው ጂን ነው። ይህን ሁሉ አማካይ አውጥታችሁ አንድ ቁጥር ስትሰጡት፣ የትኛውንም ሰዓት የማይገልጽ ቁጥር ይቀራችኋል።

ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው መረጃ 4,028 ጂኖችን በ66 የጊዜ ነጥቦች የለካ ነው። ከ66ቱ 30ዎቹ የፅንስ ናቸው፤ ፅንስነት የሚፈጀው ግን አንድ ቀን ያህል ነው። ለጎልማሳዋ የደረሳት 8 ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይለዩ የደባለቁት መረብ «የዝንቧ መረብ» ቢባልም በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ፅንሱ ነው። ናሙና ስለሚያንስ ከአጎራባች ሰዓቶች መረጃ መበደር፣ ለራቀውም አነስተኛ ክብደት መስጠት ጥሩ ዘዴ ነው። እጯ ወደ ፑፓ (በቅርፊት ውስጥ ሆና ወደ ጎልማሳ ዝንብ ወደምትለወጥበት ደረጃ) የምትሸጋገርበትን ድንበር ተሻግራችሁ ግን አትበደሩ፤ እዚያ ለውጡ ድንገተኛ ነው።

ሁለተኛው ስህተት አንድ ሆርሞን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምላሽ ይሰጣል ብሎ ማሰብ ነው። በሦስተኛው የእጭ ደረጃ መጨረሻ ኤክዳይሰን የተባለው የዕድገት ለውጥ ሆርሞን ከፍ ሲል በምራቅ እጢ ውስጥ ኢ93 የተባለው ጂን አይነሳም። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ያው ሆርሞን ዳግም ሲመጣ ግን ይነሳል፤ እጢውም ይሞታል። በመካከል ቤታ ኤፍቲዜድ ኤፍ1 የተባለው ፕሮቲን መጥቶ እጢውን ለምላሹ አዘጋጅቶታል።

ዕድሜን በቀን መቁጠሪያ ብቻ አትለኩ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አሥር ቀን የሚፈጀው ዕድገት በ18 ዲግሪ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ብልቃጡ ውስጥ እጮቹ ከተጨናነቁም ይዘገያል። ምግቡ ላይ ብሮሞፌኖል ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ጨምሩበት። አንጀቷ ገና ሰማያዊ የሆነች እጭ ጊዜ አላት፤ አንጀቷ የጠራላት ግን ፑፓ ለመሆን ሰዓታት ነው የቀራት። እንቁላል ስትሰበስቡም የመጀመሪያውን ሳህን ጣሉት፤ ሴቶቹ የዳበረ እንቁላል በሆዳቸው ይዘው ስለሚቆዩ ዕድሜው አይታወቅም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ፅንሱ ውስጥ ያለው አርኤንኤ (ጂን ሲነሳ የሚወጣው ቅጂ) ከሞላ ጎደል የእናትየው ነው። ስለዚህ አብሮ ከፍ ዝቅ ማለቱን «አንዱ ጂን ሌላውን አዘዘ» ብላችሁ አትተርጉሙት። ሙሉ ሴት ዝንብ ፈጭታችሁ የምታገኙትም ባመዛኙ የኦቫሪዋ (የእንቁላል ማመንጫዋ) መረጃ ነው።

አብሮ መነሳት መስተጋብር አይደለም። ጂኑን በፈለጋችሁት ሰዓት አጥፍታችሁ ፈትሹ፤ ለዚህ ጋል4 የተባለውን፣ የተፈለገውን ጂን ማጥፊያ የሚያስነሳ ፕሮቲን፣ ሙቀት የሚሰማው ጋል80 የተባለ ሌላ ፕሮቲን በ18 ዲግሪ ያግደዋል፣ በ29 ይለቀዋል። ሙቀቱ ዕድገቱንም ስለሚያፋጥን፣ ጋል4 የሌላቸውን ዝንቦች በዚያው ሙቀት ጎን ለጎን አሳድጉ።