የጎደሉት ባዶ ሳጥኖች የት ገቡ?
የማከፋፍለው ለስላሳ መጠጥ ሲሸጥ ያተርፈኝ ነበር፤ ባዶው ጠርሙስ ከነሳጥኑ ሲመለስ ግን ያከስረኝ ነበር። ፋብሪካው ሙሉ የሚጭንልኝ በመለስኩት ባዶ ልክ ነው። ወር በመጣ ቁጥር መዝገቡ ላይ ያለው ባዶ መጋዘኑ ውስጥ የለም። ሾፌሩን ጠረጠርኩ፤ ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

አንድ ማለዳ ራሴ መኪናው ላይ ወጣሁ። ሦስተኛው ሱቅ ስንደርስ ባለሱቋ የመኪናውን ረዳት «24ቱም ጠርሙስ አለ፣ ውሰደው የኔ ልጅ» አሉት፤ ረዳቱም አምኖ ጫነ። አስወርጄ ቆጠርኩት። ሁለት ጠርሙስ የለም፣ የአንዱ አፍ ተሸርፏል፣ ሌላው ላምባ ላምባ ይሸታል። ሌባ አልነበረም፤ የጠፋው የሚቆጥር ሰው ነው።

ቆጠራውን ከመጋዘን ወደ ሱቁ ደጃፍ አዛወርኩት። ባለ ሁለት ቅጂ ወረቀት አሳተምኩ፦ የገባ ሙሉ፣ የወጣ ባዶ፣ የተሸረፈ፣ ቀሪ ዕዳ። ባለሱቁና ረዳቱ ይፈርማሉ፤ የጎደለው ባለሱቁ ካስያዘው ገንዘብ ላይ ይታሰባል። ባዶ የሚረከበውንም ሙሉ ከሚያስረክበው ሠራተኛ ለየሁ፤ ሁለቱን አንድ ሰው ሲይዝ ባዶው ሁልጊዜ «ነገ ይቆጠራል» ይባላል። የሌላ ፋብሪካ ጠርሙስ ተቀላቅሎ ሲመጣ ከጎረቤት አከፋፋይ ጋር እንለዋወጣለን። ከሁሉ የሠራው ግን የረዳቶቹ አበል ነው፤ ድሮ በሸጡት ብቻ ይታሰብ ነበር፣ አሁን በመለሱት ደህና ባዶም ሆነ።

በሦስተኛው ወር ልዩነቱ ጥቂት ሳጥን ላይ ወረደ። የቀረው ለቅሶ ቤት የገባው ነው፤ እሱን ለመጠየቅ አንጀቴ አልቻለም።