የጭጋግ ደንብ ሊሻር ነው ሲባል መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ

ዴንቨር ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ጓደኞቼ «ኮንግረስ የጭጋግ ደንቡን ሊሽረው ነው አሉ፣ ምን ይሻላል?» ብለው ሲደውሉ መልሴ አንድ ነው፤ ኮንግረስ ፊት የቀረበውን የውሳኔ ቁጥር አምጡ።

ከቁጥሩ በፊት «ኤች ጄ ሬስ» (የተወካዮች ምክር ቤት የጋራ ውሳኔ) ወይም «ኤስ ጄ ሬስ» (የሴኔት የጋራ ውሳኔ) ካለና ርእሱ የኢፒኤን፣ ማለትም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን፣ ደንብ አለመቀበል ከሆነ፣ የሚሠራው በፈረንጅ 1996 የወጣው የኮንግረስ ግምገማ ሕግ ነው። ነገሩ ይፈጥናል። ሴኔት ውስጥ የሌላ ረቂቅ ክርክር ለመዝጋት አብዛኛውን ጊዜ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ይሄኛው በተራ አብላጫ ያልፋል፣ ክርክሩም ከ10 ሰዓት አይበልጥም። ፕሬዚዳንቱ ከፈረመ ደንቡ ይሻራል። ኢፒኤም አዲስ ሕግ ካልፈቀደለት በቀር ተመሳሳይ ደንብ ማውጣት አይችልም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። «ይህ ውሳኔ ደንብ ስላልሆነ ሕጉ አይመለከተውም» ብላችሁም አትዘናጉ። በ2025 የካሊፎርኒያ የመኪና ጭስ ፈቃዶች ጉዳይ ላይ የኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት «እነዚህ ደንብ አይደሉም» ብሎ ነበር። ሴኔቱ ግን የመኪናውን ፈቃድ መሻሪያ 51 ለ44 አሳለፈው።

ቀጥሎ የሚሻረው ምኑ እንደሆነ እዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የ1999ኙ የጭጋግ ደንብ የከተማ ጭስን አይመለከትም፤ የ156 ብሔራዊ ፓርኮችና ጥብቅ ቦታዎችን እይታ ነው የሚጠብቀው። ግዛቱ ዕቅድ ያወጣል፣ ኢፒኤ ያጸድቃል ወይም ይጥላል። ኮንግረስ ፊት የሚቀርበው አንዷ የኢፒኤ ውሳኔ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ማጽደቂያው ከተሻረ ግዛቱ የጸደቀ ዕቅድ አይኖረውም። ኢፒኤ ራሱ በግዛቱ ላይ የጫነው ዕቅድ ከተሻረ ደግሞ እፎይ የሚለው የድንጋይ ከሰል ማመንጫው ነው። ስለዚህ «ተቃወሙ» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ የቱን እንደሆነ ሳታውቁ አትደውሉ።

የኮንግረስ ስልክ 202-224-3121 ነው፤ የሴናተራችሁን ስም ስትነግሩ ያገናኟችኋል። ስማችሁን፣ ዚፕ ኮዳችሁን፣ የውሳኔውን ቁጥር፣ «ይደግፉ» ወይም «ይቃወሙ» በሉ። በቃ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ስልክ የምታነሳው ልጅ የምትመዘግበው አቋማችሁን ነው። ዲሲ የምትኖሩ ሴናተር የላችሁም፣ ይቅርታ፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ዘመዶቻችሁን ቀስቅሱ። ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ይሁን። ቢሮው ዝግ ከሆነም የድምፅ መልእክት ተዉ።