ተነሥቶ የሚጠፋ የናፍጣ ውኃ ፓምፕ፦ ችግሩና መፍትሔው

ናፍጣ መኖሩን፣ ዘይቱ ልኩ ላይ መሆኑን፣ የነዳጁ መክፈቻ መከፈቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። የምጽፈው በጣና ዳርና በጉማራ ወንዝ ግራና ቀኝ ሽንኩርትና ቲማቲም ስለሚያጠጡት ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ነው። ብዙ ጊዜ እጄ የሚገባው ኤስ 195 የሚባለው፣ ሰሌዳው ላይ 12 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 2,000 ዙር ተብሎ የተጻፈበት ነው።

ይነሣል፣ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል

ከኅዳር እስከ ግንቦት ስልኬን የሚያስጮኸው ይህ ነው። መጀመሪያ አጠፋፉን አድምጡ። ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እንቅልፍ እንደሚያዳፋው ሰው እየተንገዳገደ ከጠፋ ናፍጣው መንገድ ላይ ቀርቷል። ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን አፍ፣ ለመግዛት ወደ ከተማ አትሩጡ። ኖዝሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ስንት ገበሬ ገንዘቡን አፍስሷል!

ከነዳጁ ቋት ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ በባዶ የታሸገ ውኃ ጠርሙስ ናፍጣ ቅዱ። ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ውኃ ከናፍጣ ይከብዳልና ከታች ይተኛል፤ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይታያችኋል። ከመስመሩ በታች የጣት ውፍረት ያህል ውኃ ካለ በሽታው ተገኘ።

አንድ በጋ ወረታ አካባቢ አንድ አባት ጠሩኝ። ናፍጣውን ወደ ኖዝሉ የሚገፋው ፖምፓ ተቀይሮላቸዋል፣ ኖዝሉም ሁለት ጊዜ ተቀይሮላቸዋል፤ ሞተሩ ግን ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ቋቱን ሳየው አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። «አባቴ፣ ክዳኑ የት ሄደ?» ብላቸው «ከጠፋ ሁለት ክረምት ሆነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናቡ በቆረቆንዳው ዙሪያ ሲሰርግ ኖሯል። ፊልትሮውን፣ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ስፈታው ወረቀቱ አብጦ፣ የቆረቆንዳው ብናኝ እንደ ጭቃ ተለጥፎበት ወጣ። የሚያስፈልጋቸው አንድ ፊልትሮና አንድ ክዳን ነበር። ያን ሁሉ ዕቃ የቀየረላቸው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብሎ ቋቱን አለማየቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሌላው ደጋግሜ የማየው ጀሪካን ነው። ቋቱ ሲዝግ ይጥሉትና ጀሪካን መሬት ላይ አስቀምጠው በላስቲክ ቱቦ ያገናኙታል። ይህ ሞተር ናፍጣ ከላይ እንዲወርድለት ተብሎ የተሠራ ነው። ጀሪካኑ ከታች ሲሆን ፖምፓው ወደ ላይ ለመምጠጥ ይገደዳል፤ ያኔ በሽቦ የታሠረ መጋጠሚያ ሁሉ አየር ያስገባል። ናፍጣ ስለማያንጠባጥብ ደህና ይመስላችኋል፤ አይደለም። ፊልትሮው ሲታፈንም የሚሆነው ይኸው ነው፣ ስለዚህ ውኃ፣ ቆሻሻና አየር ሁልጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ።

ቋቱን አውርዳችሁ በናፍጣ እጠቡ፤ በውኃ አይደለም። ፊልትሮውን ቀይሩ፤ በቤንዚን ታጥቦ የተመለሰ የወረቀት ፊልትሮ አያጣራም። ቋቱን ከሞተሩ በላይ መልሱና ቱቦውን በፋሸታ፣ በብረት ማሰሪያው፣ አጥብቁ። ከዚያ አየሩን አስወጡ። የአየር ማስወጫውን ቡሎን አላሉት፤ አረፋው እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፣ ጥርት ያለ ናፍጣ ብቻ ሲወርድ አጥብቁት። ቀጥሎ ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን የብረት ቧንቧ ዳዶ (ማጥበቂያውን) ኖዝሉ ጋ አላሉ፣ ማፍጠኛውን ክፈቱ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር የሚለቀውን የእምቅታ መልቀቂያ ያዙና ሞተሩን በእጅ አዙሩ። ናፍጣው ያለ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ዳዶውን አጥብቁ። አሁንም እያዞራችሁ ጆሯችሁን ስጡት፦ ኖዝሉ ጭጥ፣ ጭጥ ይላል። ያን ድምፅ ከሰማችሁ ይነሣል። ካልሰማችሁ ክንዳችሁን አትጨርሱ፤ አየር ቀርቷል፣ ድገሙት።

ከኖዝል በሚረጭ ናፍጣ ፊት ጣታችሁን በፍጹም አታኑሩ። ግፊቱ ከመኪና ጎማ ግፊት ከ40 እጥፍ በላይ ነው፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆንና ባያምም እንኳ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ቢዘገይ እጅ ያስቆርጣል። ትናንት ውኃ የተቀዳበት ጀሪካን ናፍጣ አይቀዳበት። ማታ ቋቱን ሞልታችሁ እደሩ፤ ባዶው ቦታ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ውኃ ያዥበታል።

ጥቁር ጭስ፣ የጉልበት ማነስ

የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ካጨሰ ሰሌዳውን ተመልከቱ። 12 የሚለው ቁጥር የተለካው በባሕር ወለል አካባቢ ባለ አየር ነው። ጣና ከዚያ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ተኝቷል፤ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከስድስት አንዱን ያህል ያጣል። 10 ብላችሁ አስቡ። 12 የሚጠይቅ ፓምፕ ከገጠማችሁበት ይጨሳል። የናፍጣውን መጠን ከፍ ላድርግላችሁ የሚል መካኒክ ጭሱን እንጂ ጉልበቱን አይጨምርላችሁም። ዙሩን ቀንሱ፣ ወይም አነስ ያለ ፓምፕ ግጠሙ።

የማቀዝቀዣው ውኃ ይፈላል

ራዲያተር ለሌለው ዓይነት መፍላት ሥራው ነው፤ በዚህ ከፍታ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ተንሳፋፊው ምልክት ሲወርድ ጨምሩ። ደርቆ ከጋለ ግን ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱበት፤ አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ አለዚያ ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ይሰነጠቃል።

ሰማያዊ ጭስ

የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል፤ ጋራዥ የሚያስገባ ሥራ ነው።

ሞተሩ ይሠራል፣ ውኃ አይመጣም

ይህም ብዙ ጊዜ አየር ነው፣ በመምጠጫው ቱቦ በኩል የሚገባ። ቱቦው ያልተሰነጠቀ ከሆነ ከፍታውን ለኩ። በእኛ አየር ማንኛውም ፓምፕ ከ8 ሜትር ብዙም አልፎ መሳብ አይችልም፤ በሥራ ላይ ከ5 አታሳልፉት። ሐይቁ ከጥቅምት በኋላ እስከ ሰኔ እየሸሸ ይሄዳልና ፓምፑን እየተከተላችሁ አውርዱት፤ በጥቅምት የተተከለበት ቦታ ላይ በመጋቢት ቢቆም ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም። በፎገራና በደንቢያ በኩል ደግሞ እምቦጩ በመምጠጫው ቱቦ ጫፍ ያለውን ወንፊት ይጠመጥመዋል። ወንፊቱን ሰፋ ባለ የቀርቀሃ ቅርጫት ውስጥ አድርጉት፤ ከጭቃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋችሁ በተተከለ እንጨት ላይ አንጠልጥሉት፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት የእምቦጩን ሥር ከላዩ ልቀሙለት።