የአሮጌ ሳህን ማጠቢያ ማሽን ታይመር ሲቆም እንዴት እንደሚጠገን

በእኛ ቤት ሳህን ማጠቢያ ማሽኑ ለብዙ ዓመት ያገለገለው ማንጠፍጠፊያ ሆኖ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የማውቃቸው ብዙ የሀበሻ ቤቶችም እንደዚሁ ናቸው። ሳህኑ በእጅ ይታጠባል፣ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ይደረደራል። ማሽኑ የሚነሳው እንግዳ ሲበዛ ብቻ ነው። የእኛው ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሰራ፣ ፊቱ ላይ ትልቅ የሚዞር ቁልፍ ያለው ነው። አንድ የፋሲካ ዕለት ማታ የድግሱን ሳህን ሞልተን አስነሳነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰን ስናይ ያንኑ ውሃ እያዞረ ነበር፤ ቁልፉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

የጠራነው ጠጋኝ አምስት ደቂቃ አየውና "ታይመሩ ሞቷል፣ ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል፣ አዲስ ማሽን ግዙ" ብሎ ሄደ። አልገዛንም። ያ ማሽን ዛሬም ይሰራል። እዚያ እስክደርስ ግን አንድ ታይመር በእጄ አበላሽቻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ታይመሩ ምን እንደሆነ ይወቁ። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ኮምፒውተር የለም። ከቁልፉ ጀርባ ጡጫ የምታክል ሳጥን አለች። ውስጧ ጎባጣ ጎባጣ ጥርሶች ያሉት የፕላስቲክ ከበሮ፣ በላዩ ላይ ደግሞ እንደ ጣት የተደረደሩ ስስ የብረት ኮንታክቶች ይገኛሉ። ጎኗ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሞተር ከበሮውን በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው አንድ ጥርስ ታራምደዋለች። ከበሮው በተራመደ ቁጥር አንዱ ኮንታክት ይገጥማል፣ ሌላው ይለያያል፤ ውሃ ማስገባቱም፣ ማጠቡም፣ ማፍሰሱም፣ ማድረቁም የሚታዘዘው በዚህ ነው። ስለዚህ "ታይመሩ ተበላሸ" ሲባል ሞተሯ ናት ወይስ ኮንታክቱ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥገናቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ካቻቢቴ (የኮከቡም ዓይነት)፣ ሹል አፍ ያለው ፒንሳ፣ መልቲሜትር (ቮልትና ኦም መለኪያ)፣ ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ። ውድ መልቲሜትር አያስፈልግም፤ ርካሹ ይበቃል፣ ሁለቱ ዘንጎቹ ጫፋቸው ሹል ይሁን እንጂ። መብራት የሚያበራውን ካቻቢቴ ቴስተር ግን ለዚህ ስራ አላምነውም።

ምንም ሳይፈቱ ማሽኑን ያዳምጡ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ካቻቢቴ ያነሳል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በሩን ከፍተው ቁልፉን ወደሚቀጥለው ተግባር ያዙሩት፣ በሩን ቆልፈው ያዳምጡ። ከዚያ እንደገና ይክፈቱና ወደሚቀጥለው። ሁልጊዜ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ቁልፍ ውስጡ ያለችውን ገፊ ምላስ ይሰብራል። በሩ ተቆልፎ ማሽኑ እየሰራ ማዞርም አይገባም፤ ኮንታክቶቹ እሳት እየተፉ ይቃጠላሉ።

ጨርሶ ምንም ድምፅ ከሌለ በታይመሩ አይጀምሩ። ብሬከሩን፣ ከዚያ የበሩን መቀርቀሪያ ስዊች ይዩ። ውሃ እየገባ አልቆም ካለ ኤሌክትሪኩን ያጥፉት። ኤሌክትሪክ ጠፍቶም ውሃው መግባቱን ከቀጠለ ጥፋቱ የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ እንጂ የታይመሩ አይደለም። ከማሽኑ ተግባሮች አንዷ ብቻ፣ ለምሳሌ ማፍሰስ፣ አልሰራ ካለች የእሷ ኮንታክት ወይም የማፍሰሻው ክፍል ራሱ ነው። ሁሉም በእጅ ሲዞር እየሰራ በራሱ ግን አልራመድ ካለ ደግሞ ወደ ሞተሯ ያመለክታል።

ወደ ሞተሯ ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ አሮጌ ማሽኖች ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ታይመሩን ሆን ብለው ያስቆሙታል፤ የሞተሯ ኤሌክትሪክ በቴርሞስታት (በሙቀት የሚሰራ ስዊች) በኩል ስለሚያልፍ፣ ውሃው የሚፈለገው ሙቀት ላይ ካልደረሰ ሞተሯ አትነሳም። ታች ያለው ውሃ ማሞቂያ ሬዚስታንስ ተቃጥሎ ከሆነ ውሃው መቼም አይሞቅም፣ ታይመሩም እዚያው ይቀራል። አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ታይመር ገዝቶ አስቀይሮ፣ አዲሱም እዚያው ቦታ ላይ ቆመበት።

ይህን ያለ ምንም መሳሪያ መለየት ይቻላል። በእርሳስ ቁልፉ ላይና ከጎኑ ባለው ፊት ላይ የሚገጣጠም መስመር ያስምሩ። ቁልፉን ማድረቂያው ላይ አድርገው በሩን ይቆልፉና ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ መታጠቢያው ላይ አድርገው እንደገና ሩብ ሰዓት። ማድረቂያው ላይ መስመሩ ከተለያየ፣ መታጠቢያው ላይ ግን ካልተላቀቀ፣ ሞተሯ ጤነኛ ናት፤ ሬዚስታንሱንና ቴርሞስታቱን ይመርምሩ። በሁለቱም ቦታ ካልተነቃነቀ አሁን መፍታት ይቻላል።

መፍታት

ብሬከሩን ያጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራው ፕላስተር ለጥፈው ይጻፉበት። አሮጌ ማሽን ብዙ ጊዜ ሶኬት የለውም፣ ሽቦው በቀጥታ ከግድግዳው ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በመልቲሜትር ሽቦው ላይ ዜሮ ቮልት እስኪያዩ ድረስ እጅዎን አያስገቡ። ውሃውንም ይዝጉ።

ከታች እግሩ ጋ ያለችውን ሳንቃ ሁለት ብሎን ፈትተው ያውጡ። ከጀርባዋ ወይም ከበሩ ሽፋን ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ይፈልጉ። በእያንዳንዱ ደቂቃ የትኛው ኮንታክት እንደሚገጥም የሚያሳይ ሰንጠረዥና የሽቦ ንድፍ አለበት። በእድሜ ብዛት የደረቀ ስለሚሆን ሳይዘረጉ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ ቀስ ብለው ይክፈቱና እንደገና ያንሱ። እኔ ዘንድ ከጠቅላላው ማሽን የከበረው ዕቃ ይህ ወረቀት ነው።

ቁልፉን ወደ ራስዎ ሲስቡት ይወጣል፤ የበሩን የውስጥ ብሎኖች ሲፈቱም የፊቱ ሽፋን ይለቃል። ሽፋኑን በአንድ እጅ ይደግፉ፣ ሽቦዎቹ ላይ እንዳይንጠለጠል።

ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። ፎቶ ብቻ ግን አይበቃም፤ አርባ ዓመት የሞቀ ሽቦ ቀለሙ ይጠፋና ቡናማውና ብርቱካናማው አንድ ይመስላሉ። እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ጠቅልለው በታይመሩ አካል ላይ የተጻፈውን ፊደል ይጻፉበት። ሲነቅሉም ሽቦውን ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለውን ብረት በፒንሳ ይዘው ነው።

ሞተሯ

ከኮንታክቱ በፊት ሞተሯን ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ሳጥኑን ሳይከፍቱ በሁለት ብሎን ብቻ ስለምትለቅ። ሁለቱን ቀጭን ሽቦዎቿን ለይተው በመልቲሜትር ኦም ይለኩ። እኔ የለካኋቸው የ120 ቮልት ሞተሮች ከ2,000 እስከ 4,000 ኦም ገደማ አሳይተዋል። መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ ውስጧ ያለው ስስ መዳብ ተበጥሷል፤ ሞተሯ ብቻ ትቀየራለች። ሲገዙ ቮልቱ፣ ሄርዙ (የኤሌክትሪኩ ምት በሴኮንድ)፣ በደቂቃ የምትዞረው ዙርና የምትዞርበት አቅጣጫ ሁሉ አካሏ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ኦሟ ደህና ሆኖ የማትዞር ከሆነ ደግሞ አይጣሏት። የእኔዋ እንደዚያ ነበረች። ጥርሶቿ ውስጥ የነበረው ግራሶ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ እንደ ሰም ጠጥሮ ነበር። የምናንጠፈጥፍበት ብቻ ማሽን የሚጎዳው በዚህ ነው፤ የማይሰራ ማሽን ያርፋል ብለን እናስባለን፣ እሱ ግን ይደርቃል። ሞተሯን በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁና ትንሿን ጥርሷን በመቆንጠጫ ይዘው በአቅጣጫዋ ብቻ ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሷት። ሲሞቅ ከለቀቀች ጥፋቱ ግራሶው ነው። ዘንጓ ከሳጥኗ በሚወጣበት ቦታ አንድ ጠብታ፣ ደግሜ እላለሁ አንድ ጠብታ፣ የሲንጀር ዘይት ያድርጉና ሌሊቱን ተዘቅዝቃ ትደር። ዘይቱ ወደ ኮንታክቶቹ እንዳይደርስ ሞተሯ ከታይመሩ ተለይታ ነው ይህ የሚደረገው።

ይቺ ሞተር በሶኬት የሚሰራ የግድግዳ ሰዓት ሞተር ዘመድ ናት። ጊዜ የምትቆጥረው በሞላ ሳይሆን በኤሌክትሪኩ ምት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በሴኮንድ 60 ጊዜ። ሄንሪ ዋረን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ በዚሁ ዘዴ የሚሰራ ሰዓት ሰርቶ ነበር። ይህን የማነሳው ከዚህ ማሽን ጭነው ወደ አገር ቤት ለሚልኩ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ "ታይመሩ ዘገየብኝ፣ ልፍታው?" ብሎ ደወለልኝ። አትፍታው አልኩት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ሄርዙን ግን አይነካም። ስለዚህ የ60 ደቂቃው አጠባ 72 ደቂቃ ይፈጃል። ውሃ የሚገባውም በታይመሩ ደቂቃ ከሆነ በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል፤ ውሃው ሲበዛ የሚዘጋው የማሽኑ ተንሳፋፊ ስዊች መስራቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እሱን አይቶ እንደሚሰራ አረጋገጠ፣ ታይመሩንም ተወው።

ኮንታክቶቹ

እዚህ ነው የተሳሳትኩት። ሞተሯን ሳልመረምር በቀጥታ ሳጥኑን ከፈትኩ። የሳጥኑ ጆሮዎች የታጠፉ ቆርቆሮዎች ናቸው፤ አራቱን በካቻቢቴ አቅንቼ ክዳኑን ወደ ላይ ሳብኩት። ከበሮው ተነሳ፣ ገፊዋ ምላስ ተፈናጠረች፣ ከእሷ ጋር የነበረችው እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም። ወለሉን በማግኔት ጠረግሁት፣ አልተገኘችም። ታይመሩ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ሁለተኛ እጅ ሌላ እስካገኝ ወራት ጠበቅሁ፤ ሲመጣ የእሱም ሞተር ግራሶው የደረቀ ነበር። ያኔ ነው ጥፋቱ ከመጀመሪያውም ሞተሯ ላይ እንደነበር የገባኝ።

ስለዚህ ሳጥኑን አይክፈቱ። ኮንታክት ለመመርመር መክፈት አያስፈልግም። ወረቀቱን ይዘው ቁልፉን የተጠረጠረው ተግባር ላይ ያድርጉ፣ መግጠም ያለባቸውን ሁለት ጫፎች በኦም ይለኩ። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ዘንጎች እርስ በርስ አነካክተው ስንት እንደሚል ይያዙ። ኮንታክቱ ከዚያ ብዙም መብለጥ የለበትም፤ ጤነኛው ከአንድ ኦም በታች ነው። ቁጥሩ የሚዋልል፣ ሲነካኩት የሚለዋወጥ ከሆነ ቆሽሿል። መለያየት ያለበት ደግሞ ገጥሞ ከተገኘ ቀልጦ ተጣብቋል፤ ያንን እኔ አልጠግንም፣ ታይመሩን እቀይራለሁ። ውሃ የሚያስገባ ኮንታክት ተጣብቆ ቤት እንዲያጥለቀልቅ አልፈልግም።

የቆሸሸውን ለማጽዳት ብዙ ሳጥኖች ጎናቸው ክፍት ስለሆነ ኮንታክቱ ይታያል። ወፈር ያለ ወረቀት፣ ለምሳሌ የስም ካርድ፣ በቀጭኑ ይቁረጡ፤ በኮንታክት ማጽጃ ወይም ከ90 ከመቶ በላይ በሆነ አልኮል ያርጥቡት። በሁለቱ ጫፎች መካከል አስገብተው ኮንታክቱን በጣት ቀለል አድርገው እየተጫኑ ይጎትቱት። ወረቀቱ ጥቁር ይዞ ይወጣል። ንጹሕ እስኪወጣ ይድገሙ። ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት አይንኩት፤ ላዩ ያለው የብር ንጣፍ ስስ ነው፣ አንዴ ከተላጠ ቶሎ ይቃጠላል። ዘይትነት ያለው የሚረጭ መድኃኒትም አይጠቀሙ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ የኮንታክቱ ብልጭታም ሊያቀጣጥለው ይችላል። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ እስኪተን አንድ ሰዓት ያህል ይተዉት።

መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ሲገባ ጠበቅ ማለት አለበት፤ የላላውን ብረት በፒንሳ ትንሽ ጨምቀው እንደገና ያስገቡ። የላላ ጫፍ ይሞቃል፣ ታይመሩንም ያቀልጠዋል።

የመጀመሪያውን ዙር ያለ ሳህን ያስነሱ፣ ከአጠገቡም አይራቁ። የእርሳሱን መስመር እንደገና አስምረው በየአምስት ደቂቃው ይዩት። ከታች ባትሪ አብርተው ውሃ አለመንጠባጠቡን ያረጋግጡ፤ ለረጅም ጊዜ ደርቆ የኖረ ጎማ በመጀመሪያው ቀን ያፈሳል። ሁሉም ደህና ከሆነ ያቺን ወረቀት ከፎቶዋ ቅጂ ጋር በላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ የጠገኑትንና ቀኑን ጽፈው ወደ ሳንቃዋ ጀርባ ይመልሷት። የእኔ ላይ "ሞተር፣ አንድ ጠብታ ዘይት" ይላል።