የክርስትና ስም ሲወጣ ወላጆች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

በውጭ አገር ባለ አንድ ደብር የጥምቀት መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ካህኑ ስም ያወጣሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የምስክር ወረቀቱን አዘጋጃለሁ። ከዓመታት በኋላም «የክርስትና ስሜ ማን ነበር?» ብሎ ለሚመጣ ሰው መዝገብ የማገላብጠው እኔው ነኝ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እንደሚነሡ ታውቃላችሁና በቀጥታ ወደ ስሙ ልግባ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ስሙን ሰምቶ መርሳት ነው። ይህን ሳይ ልቤ ይቃጠላል። በአንድ እሑድ ብዙ ሕፃናት ይጠመቃሉ። ልቅሶውና እልልታው ሲደባለቅ ካህኑ የሚናገሩትን ግማሹ ወላጅ አይሰማም፤ የሰማውም ፎቶግራፍ ለማንሣት ይሯሯጣል። ድግሱ ካለፈ በኋላ ስሙን የሚያስታውስ አይገኝም። ልጁ በዓለም ስሙ ያድጋል፣ ይማራል፣ ሥራ ይይዛል። ሊቆርብ ሲዘጋጅ ወይም በተክሊል ሊያገባ ሲመጣ ይጠየቃል፤ አያውቀውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። አንድ ጊዜ አስከሬን ቤተ ክርስቲያን ደርሶ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ካህናቱ ለፍትሐት ቆመው የሟቹን የክርስትና ስም የሚነግራቸው ሰው ጠፋ። ሚስቱ አታውቅም። ልጆቹ አያውቁም። እናቱ ካረፉ ቆይተዋል፣ የክርስትና አባቱም የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለችው እህቱ በእኩለ ሌሊት ተቀስቅሳ የእናታቸውን ዳዊት ከሣጥን አውጥታ ብታይ፣ በመጀመሪያው ቅጠል ላይ የልጆቻቸው ሁሉ ስመ ክርስትና በእጅ ጽሑፋቸው ሰፍሮ ተገኘ። ያቺን ቅጠል ያልጻፈች እናት ብትሆን ኖሮስ? አንድ መስመር መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? ስሙን በዕለቱ ጻፉት። ለክርስትና አባቱ ወይም ለክርስትና እናቷም አጽፉ፤ አገር ቤት ላሉት አያቶችም ላኩላቸው። ልጁ አፉን ሲፈታ የዓለም ስሙን እንደምታስተምሩት ይህንንም አስተምሩት። በማታ ጸሎት ጊዜ በክርስትና ስሙ የሚጠራ ልጅ መቼም አይረሳውም።

ሁለተኛው የቀን ስህተት ነው፤ ከአገር ውጭ ብቻ የሚያጋጥም። ካህኑ ስም ሲያወጡ በአብዛኛው የልደቱን ወይም የጥምቀቱን ዕለት በዓል ያያሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ወላጆች ግን የሆስፒታሉን ወረቀት ይዘው «በ12 ነው የተወለደው፣ የሚካኤል ልጅ ነው» ይላሉ። ጁን 12 በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 5 ነው፤ ዕለቱ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። አስቀድማችሁ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሱት። ካህኑ ከዕለቱ በዓል ውጭ ሌላ ስም ቢያወጡም አትቀየሙ፤ የቀኑ በዓል መነሻ እንጂ ግዴታ አይደለም።

ቅዱሱ ማን እንደሆነ ሳያጣሩ ስም መምረጥ ሦስተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ከተመረጡ ወዲህ «ልዮን ይባልልን» የሚሉ ወላጆች መጥተውልኛል፤ ልዮን ሊዮ የሚለው ስም በእኛ አጠራር ነው። ለካቶሊክ ወገኖቻችን የከበረ ስም ነው። አዲሱ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳትም የመረጡት እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች መብት ታላቁን መልእክት የጻፉትን ሊዮ 13ኛን አስበው ነው። ለተዋሕዶ ልጅ የክርስትና ስም ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተነበበው የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት የመጀመሪያው ልዮን ጦማር (ክርስቶስን በሁለት ባሕርይ የሚለው ደብዳቤ) የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አባታችን ዲዮስቆሮስ የተቃወመው ነው። ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ ወርዶ በጋግራ በስደት ዐረፈ፤ ቤተ ክርስቲያን መስከረም 7 ቀን ታስበዋለች። የእርሱን በዓል በምታከብር ቤተ ክርስቲያን ልጃችሁን በልዮን ስም እንዲያጠምቁላችሁ ካህኑን አታስጨንቁ። የዓለም ስም ከሆነ ውሳኔው የቤታችሁ ነው።

የአንድ ታላቅ ሊቀ ጳጳሳት ስም ልጃችሁ ላይ እንዲኖር ከፈለጋችሁ ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ፖፕ የሚለው ማዕረግ የሮም ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳትም እስከ ዛሬ በዚህ ይጠራሉ፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ጳጳስ ስትቀበል የኖረችው ከዚያ መንበር ነው። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን፣ ሾሞ የላከልን አትናቴዎስ አለ። እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የቁስጥንጥንያውን ፓትርያርክ ንስጥሮስን የረታ ቄርሎስ አለ። ቴዎፍሎስ አለ፣ ራሱ ዲዮስቆሮስም አለ። እነዚህ ስሞች በመዝገቤ ውስጥ ጥቂት በመሆናቸው አዝናለሁ።

በሮም የተተወ ሁሉ በእኛ ዘንድ የተተወ እንዳይመስላችሁም እጨምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ533 ለሮም መንበር የተመረጠው ካህን ስሙ መርቆሬዎስ ነበር፤ የአረማውያን ጣዖት ስም ነው ብሎ ዮሐንስ ተባለ። ያው ስም ለእኛ በፈረሱ ላይ ተቀምጦ የምናውቀው የሰማዕቱ ስም ነው፣ በየወሩ በ25 እናስበዋለን፣ ከፓትርያርኮቻችንም አንዱ ተጠርተውበታል።

ለሚወዱት ጳጳስ መታሰቢያ ስም የሚያወጡ ወላጆች ደግሞ ጳጳሱ በሹመት ስማቸውን እንደሚለውጡ ይዘነጋሉ። ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ከመሾማቸው በፊት ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ አቡነ ጳውሎስም ገብረ መድኅን ነበሩ። ሁለቱም ስም ያምራል፤ የትኛውን እንደምትፈልጉ ለካህኑ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ለሴት ልጅ ወለተ ወይም አመተ፣ ለወንድ ወልደ ወይም ገብረ፤ ይህን የሚያምታታ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር፤ አለ።

ስም መቁረጥ ሌላው ነው። የውጭ አገር ቅጽ የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ወላጅም ወልደ የሚለውን በአንዱ ሣጥን፣ ሥላሴ የሚለውን በሌላው ይጽፋል። ልጁ በትምህርት ቤት ወልደ ብቻ ይባላል፤ የአባቱ ስም ቦታ አጥቶ ይቀራል፤ ፓስፖርት ሲወጣ ደግሞ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ አልዳኑም። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን፣ ኃይለ ሥላሴን፣ የንግሥ ስም አደረጉት። ዛሬም በውጭ ቋንቋ ሲጽፉ «ሥላሴ» የሚለውን ብቻ እንደ ቤተሰብ ስም የሚያስቀሩ አሉ። የክርስትናውን ስም በመንግሥት መዝገብ ላይም ልታሰፍሩ ከሆነ ሁለቱን ክፍል በላቲን ፊደል አጣብቃችሁ እንደ አንድ ቃል በአንድ ሣጥን ጻፉት። የታላቁንም የታናሹንም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ አድርጉት፤ በአንድ ቤት ገብረ ማርያምና ወለተ ማርያም ተወልደው «ማርያም» በሁለቱ ወረቀቶች ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ አይቻለሁ።

በጥምቀቱ ዕለት ጠዋት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አያትና አያት በስም ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ 40 ቀን ሙሉ ጊዜ ነበራቸው። ከካህኑ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከዚያም የምስክር ወረቀቱን ስሰጣችሁ አጣጥፋችሁ ወደ ቦርሳ ከመክተታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ አንብቡት፤ የእናት ስም፣ ቀኑ፣ የክርስትና ስሙ ፊደል። ስህተት ካለ በዚያው ሰዓት አስተካክለዋለሁ።