በጣና ዳርቻ ፎቶና ቪዲዮ ስትቀርጹ ምስሉን እንዴት ታቀናብራላችሁ?

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የሚነሱ ብዙ ፎቶዎች ይመሳሰላሉ፤ ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ ሰማይ፣ መሀል ላይ ነጥብ የምታህል ታንኳ። ጣና እንዲያ አምሮ ሳለ ፎቶው ባዶ የሚሆነው አንሺው አድማሱን የት እንደሚያሳርፍ ሳይወስን ስለሚቀር ነው። ሐይቁ ዝርግ በመሆኑ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው መስመር አድማሱ ነው፤ ሥራውም ከዚያ ይጀምራል።

በመጀመሪያ የስልካችሁን ካሜራ ማስተካከያ ክፈቱና ምስሉን በቁመትም በአግድምም ሦስት ቦታ የሚከፍሉትን መስመሮች አብሩ። ሰማዩ በደመና ከተሞላ አድማሱን ወደ ታችኛው መስመር አውርዱና ሁለቱን እጅ ለሰማዩ ስጡት። ጥርት ያለ ከሆነ ደግሞ አድማሱን ወደ ላይኛው መስመር አውጡትና ለውኃው ስፍራ ልቀቁ። እኩል መክፈል የሚያምረው ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ ሰማዩን መልሶ ሲያሳይ ነው፤ ለዚህም ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ መገኘት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ታንኳዋ። ከግራ ወደ ቀኝ የምትሄድ ከሆነ በግራው መስመር ላይ አድርጓትና ከፊቷ ያለውን ውኃ ክፍት ተዉላት። ጫፏ ከፎቶው ጠርዝ ጋር ከተጋጠመ መሄጃ ያጣች ትመስላለች።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ግን ጉልበትን ማጠፍ ነው። ቆማችሁ ስታነሱ ካሜራው ተቀምጦ ከሚቀዝፈው ሰው ራስ ከፍ ስለሚል ሰውየው ሙሉ በሙሉ ከአድማሱ በታች ይውላል፤ ጠቆር ያለ ልብስ ከለበሰማ ከውኃው አይለይም። በርከክ ብላችሁ ካሜራውን ወደ ውኃው ስታቀርቡት ራሱና ትከሻው ከአድማሱ በላይ ይወጣሉ፤ መቅዘፊያውን ሲያነሳ ክንዱ ሰማዩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አስቸጋሪው በሁለቱ መካከል ያለው ከፍታ ነው፤ እዚያ ላይ የአድማሱ መስመር አንገቱን ያቋርጠዋል። ካሜራውን አንድ ስንዝር ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ብርሃኑንም አስቡበት። ከተማዋ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ስላለች ወደ ውኃው ስትዞሩ የምታዩት ወደ ሰሜን ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ከቀኛችሁ፣ የማታዋ ከግራችሁ ትመጣለች። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የታንኳውን ደንገል ከነእስሩ አጉልቶ ያወጣዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ለዚህ ግሩም ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና የሰውን ዓይን በጥላ ስለምትሸፍን ያን ጊዜ ወደ ዘጌ የቡና ጫካ ጥላ መግባት ይሻላል።

ዘጌ ከደረሳችሁ አይቀር በኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አስፈቅዳችሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ ጊዜ ወስዳችሁ ተመልከቱ። በቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ወግ ቅዱሳን በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በአብዛኛው ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚናገር አባቶቻችን ካሜራ ሳይመጣ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እናንተም ሰው ስታነሱ ወደ ሌንሱ ይይ ወይስ ወደ ጎን የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ወደ ጎን ካየ በሚያይበት በኩል ቦታ ተዉለት።

ቪዲዮ ሲሆን ካሜራውን ታንኳዋን ተከትሎ ከማዞር ይልቅ አንድ ቦታ አጽንታችሁ ያዙት፤ ታንኳዋ ራሷ ወደ ምስሉ ገብታ ትውጣ። ከዚያ ሦስት ቀረጻ ውሰዱ፦ ሐይቁን የሚያሳይ ሰፊ፣ ቀዛፊውን ከወገቡ በላይ የሚያሳይ፣ በመጨረሻም ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበውን ውኃ በቅርብ። ሦስቱንም ከአንድ ወገን ቅረጹ። በጀልባ ዞራችሁ ከማዶ ከቀረጻችሁ ወደ ቀኝ ትሄድ የነበረችው ታንኳ ወደ ግራ ስለምትሄድ ተመልካቹ ተመለሰች ብሎ ያስባል። መሻገር ግድ ከሆነ ታንኳዋ ፊት ለፊት ወደ ካሜራው ስትመጣ የሚያሳይ አጭር ቀረጻ በመካከል አስገቡ።