የሌለ መረጃ ዜሮ አይደለም፦ በፓይተን ኮድ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የጀማሪዎችን የፓይተን ኮድ ሳርም ትዕግሥቴን ከሁሉ በላይ የሚፈታተነው አንድ ስህተት ነው፤ በእርሱ ልጀምር።

መረጃ መጉደሉን ለመጠየቅ «ኢፍ ኖት ብዛት» የሚለው አጻጻፍ አጭርና ያማረ ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል። ፓይተን ግን «ነን»ን (መረጃ የለም የሚለውን ምልክት) ብቻ ሳይሆን ዜሮን፣ ባዶ ጽሑፍንና ባዶ ሊስትንም እንደ ሐሰት ይቆጥራል። ስለዚህ «አልተቆጠረም» እና «ተቆጥሮ ምንም አልተገኘም» የሚሉት ሁለት ፍጹም የተለያዩ መልሶች በአንድ በር ይገባሉ። «ኦር»፣ ማለትም በግራው ያለው ሐሰት ሲሆን የቀኙን የሚወስደው ቃል፣ ደግሞ ይብሳል። እኔ ራሴ ለአንድ ግምጃ ቤት ፕሮግራም ስሠራ «ብዛት = ረድፍ.ጌት("ብዛት") ኦር 10» ብዬ ጻፍሁ፤ «ጌት» መረጃን በስሙ (በቁልፉ) ፈልጎ የሚያመጣ፣ ከሌለ «ነን» የሚመልስ ነው፤ ብዛቱ ካልተሞላ 10 ይሁን ማለቴ ነበር። ብዛቱ 0 የሆነ ዕቃ ሁሉ 10 ሆኖ ወጣ፤ ፕሮግራሙም የሌለውን ዕቃ አለ እያለ ትእዛዝ ይቀበል ጀመር። ስክሪኑ ላይ አንድም የስህተት መልእክት አልታየም። ነገሩን ያወቅሁት ባዶ መደርደሪያ ፊት የቆመ ሠራተኛ ሲደውልልኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ስህተት በሌላ ሰው ኮድ ውስጥ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እባካችሁ፣ የምትጠይቁት መረጃው መኖር አለመኖሩን ከሆነ «ኢፍ ብዛት ኢዝ ነን» ብላችሁ ጠይቁ። «ነን» በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚጠየቀው በሁለት እኩል ምልክት ሳይሆን በ«ኢዝ» ነው።

የዚህ ስህተት ወንድም ክፍተትን በዜሮ መሙላት ነው። አራት የሙቀት ንባቦች አሉ እንበል፦ 20፣ 22፣ 24 እና አንድ ያልተመዘገበ። ያሉት ሦስቱ አማካያቸው 22 ነው። ክፍተቱን በ0 ብትሞሉት 16.5 ይሆናል፤ በቆየው ልማድ -999 ብታስገቡበት -233.25 ይወጣል። ከሁለቱ የምፈራው 16.5ን ነው። -233.25ን ያየ ሰው ይደነግጣል፤ 16.5ን ያየ ግን አምኖ ሪፖርቱ ላይ ያሰፍረዋል። ፓንዳስ (የሠንጠረዥ መረጃ የሚሠራበት የፓይተን መሣሪያ) አማካይ ሲያሰላ የጎደለውን ዘልሎ ስለሚያልፍ ክፍተቱን እንዳለ መተው ብዙ ጊዜ ይሻላል። መሙላት የግድ ከሆነ የትኛው ረድፍ እንደተሞላ የሚያሳይ ሌላ አምድ ጨምሩ።

«ትራይ» (ሞክር) ጽፎ ከሥሩ ማንኛውንም ስህተት የሚይዝ ባዶ «ኤክሴፕት» እና «ፓስ» (ዝም ብለህ እለፍ) ማስቀመጥ? በፍጹም። የፈራችሁት የቁልፍ አለመኖርን ከሆነ «ኪይ ኤረር»ን ብቻ ጥቀሱ፤ አለዚያ የተለዋዋጭ ስም ስትሳሳቱም ፕሮግራሙ ዝም ይላል።

«ጌት»ን የተማረ ጀማሪ ደግሞ በየቦታው ይጠቀምበታል። ደስታው ይገባኛል፤ እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርሁ። ነገር ግን የግድ መኖር ያለበትን መረጃ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ጠይቁ፤ ከሌለ ፕሮግራሙ እዚያው ይቁም። «ጌት» ባይኖርም ሥራ ለማያስተጓጉል ነገር ነው። ለ«ጌት» የምትሰጡት ተጠባባቂ ዋጋም የሚመጣው ቁልፉ ጭራሽ ከሌለ ብቻ ነው። ቁልፉ ኖሮ ዋጋው «ነን» ከሆነ የምትቀበሉት ያንኑ «ነን» ነው፤ በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ፋይል ውስጥ «ነል» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ይደርሳችኋል።

«ናን»ን («ቁጥር አይደለም» የሚለውን፣ ፓንዳስም የጎደለን ቁጥር የሚያመለክትበትን ዋጋ) በእኩል ምልክት አትፈልጉት። የኮምፒውተር የነጥብ ቁጥሮች መስፈርት በሆነው በአይ ትሪፕል ኢ 754 መሠረት ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። «ኢፍ ኖት»ም አይዘውም፤ ፓይተን እንደ እውነት ነው የሚቆጥረው። «ኢዝናን» የሚለው ትእዛዝ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ብዙዎች የማይጠረጥሩት የመጨረሻው ጥፋት የሚፈጸመው ገና ፋይሉ ሲነበብ ነው። ፓንዳስ የሲኤስቪ (ዋጋዎቹ በኮማ የተለዩ የሠንጠረዥ) ፋይል ሲያነብ «ኤን» እና «ኤ» የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ተያይዘው (NA) ለብቻቸው ከተጻፉ የጎደለ መረጃ ናቸው ብሎ ይወስዳቸዋል። የናሚቢያ የአገር መለያ ደግሞ እነዚያው ሁለት ፊደላት ናቸው። የአገሮችን ዝርዝር አስነብባችሁ ናሚቢያን ስትፈልጉ በመለያዋ ቦታ ክፍተት ይጠብቃችኋል፤ ክፍት ረድፎችን የሚሰርዝ መስመር ካለ ደግሞ አገሪቱ እስከነጭራሹ ትጠፋለች። ፋይሉን ስትከፍቱ «ኪፕ ዲፎልት ኤንኤ» የሚለውን «ፎልስ» አድርጉት፤ የትኛው ጽሑፍ ክፍተት እንደሆነም በ«ኤንኤ ቫልዩስ» ራሳችሁ ዘርዝሩ።